«መላመድ» ወይስ «አይበገሬነት»?

በሕክምና ጽሑፎቻችን «መድኃኒት የተላመደ ጀርም»፣ ክስተቱም «የመድኃኒት መላመድ» መባሉ ሥር ሰድዷል። ስያሜው ለአፍ የቀለለ ቢሆንም ጽንሰ ሐሳቡን በሦስት ረገድ ያዛባል።

አንደኛ፣ «ተላመደ» የመግባባት ግሥ ነው። የመሐል ሜዳ ገበሬ ከገበያ ያመጣው በግ ከመንጋው ጋር ተላመደ ሲል አብሮ በሰላም መሰማራቱን መግለጹ ነው። መድኃኒት የማይገድለው ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን ረታው እንጂ አልተስማማውም።

ሁለተኛ፣ «የመድኃኒት መላመድ» የሚላመደው ማን እንደ ሆነ አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ሱዳንን ጨምሮ በ12 አገሮች ሕዝብ ሲጠይቅ፣ ከመላሾቹ 76 በመቶው የሚለወጠው የሕመምተኛው ሰውነት መስሏቸው ነበር። የእኛም ስያሜ ለዚሁ ስሕተት በር ይከፍታል።

ሦስተኛውና የከፋው፣ በሆስፒታል ውስጥ የሚደርሰውን መተላለፍ መሰወሩ ነው። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በተካፈለበት፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 በ7 አገሮች በተካሄደ ጥናት፣ ከጨቅላ ሕፃናት ደም የተገኙ ባክቴሪያዎች በዘረ መላቸው ተለይተዋል። እንዲህ ያለው የዝርያ ልየታ አንድ ተሕዋስ ከአልጋ ወደ አልጋ መሻገር አለመሻገሩን ለማወቅ ያስችላል። መድኃኒት ቀምሶ የማያውቅ ሕፃን አስቀድሞ የበረታ ጀርም ሊይዘው ይችላል፤ ታዲያ ሕፃኑ ምኑን ተላመደ?

ስለዚህ ጀርሙ «መድኃኒት የማይበግረው»፣ ጠባዩም «አይበገሬነት» ቢባል ይመረጣል። ቃሉ የጀግና ማሞገሻ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ጠላትን በጉልበቱ ልክ መሰየም ግን ማወደስ አይደለም፤ እንዳይናቅ ማስጠንቀቅ ነው።