ጣናን የማያይ ዝግጅት

የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስ፣ ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ወደ ሕክምና ይገባ የነበረው ተማሪ የመሰናዶ ጊዜ አገኘ። የታሰበው ተማሪው እንዲበስል ነበር። በተግባር ግን ጊዜው ለሕክምና የተመደቡትን ጥቂት ቦታዎች ለመያዝ የሚደረግ የነጥብ ሽቅድምድም ሆኗል፤ ባሕር ዳርም ከዚህ አላመለጠችም።

ነጥብን ማጣጣል ቀላል ነው፤ ተገቢ ግን አይደለም። ምርጫው በቃለ መጠይቅ ይሁን ቢባል የዘመድና የትውውቅ በር እንደሚከፈት ማንም አይስተውም። ሊተች የሚገባው ነጥቡ ሳይሆን ነጥቡ የሚለካው ነገር ነው።

ተማሪው በሥነ ሕይወት ትምህርቱ ስለ ተላላፊ በሽታዎች በእንግሊዝኛ ያነባል፤ አጥንቶም ይፈተናል። በጣና ዳርቻ ግን የአንጀት ቢልሃርዝያ ከመጽሐፍ ውጭ ይኖራል። ከሰው ዐይነ ምድር ጋር የወጣው እንቁላል ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፣ ከዚያም የዓሣ አጥማጁን፣ የሚዋኘውን ልጅና የልብስ አጣቢዋን ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ደም የሚያስታውክ ሰው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲመጣ፣ ፕራዚኳንቴል ትሉን ቢገድልም የከረመውን ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላይመልሰው ይችላል። የቀንድ አውጣውን ሳይንሳዊ ስም በቃሉ የያዘ ተማሪ፣ ታንኳ ቀዛፊው የት እንደሚጸዳዳ ጠይቆ አያውቅም።

የቋንቋው ነገር ደግሞ ይብሳል። በሽተኛው «ምች መታኝ»፣ «ብርድ ገባብኝ» ይላል፤ ወገቡን ይዞም «ኩላሊቴን» ይላል። ከሌላ ክልል ለመጣ ተማሪ ቃሉ ራሱ እንግዳ ነው፤ አማርኛ ለለመደውም ቢሆን ምች ስንቱን ሕመም እንደሚሸፍን የሚያስተምረው የለም። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን፣ በመካከላቸውም ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን ተቀብሎ ነበር። መርሐ ግብሩ በጥድፊያና በመምህራን እጥረት ቢወቀስም፣ ከበሽተኛ ጋር ውለው የመጡት እነዚህ ባለሙያዎች ቢያንስ ይህን አነጋገር ሰምተው ነበር የገቡት።

የሚጎድለውን ለመሙላት ብዙ ወጪ አያሻም። የጸጥታው ሁኔታ የገጠር ጉዞን ቢያዳግት እንኳ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ያለው ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ስፍራ ብዙም ሳይርቅ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ማስታወሻ ደብተርና ከዓሣ አጥማጆች ጋር የሚደረግ ጭውውት ይበቃል። ይሁንና ተማሪ ነጥብ የማይሰጥበትን እንደማያጠና ከመምህራኑ የተሰወረ አይደለምና፣ ለደብተሩም ነጥብ ሊመደብለት ይገባል፤ እግሩን ውኃ ውስጥ ያስገባ ተማሪ ግን ከዚያው ላይ ይቀነስበት።