የተፈረሙት ወረቀቶች

ኅዳር 2011 ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገሮች ሆኑ። ሄግ ያለ ፍርድ ቤት በሆላንድ በጤፍ ዱቄት ላይ ተይዞ የነበረውን ፓተንት ውድቅ አደረገ። ከቀናት በኋላ ሄ ጂያንኩይ የሚባል ቻይናዊ ተመራማሪ ገና ጽንስ ሳሉ ዘረ መላቸውን የነካካቸው መንትያ ሴት ልጆች መወለዳቸውን ተናገረ። በሁለተኛው ዓለም ጉድ አለ። የመጀመሪያው ወሬ ወራት ቆይቶ ሲደርሰን እኛ ጤፋችን ተመለሰ ብለን ፈነጠዝን፤ ከዚያ ረሳነው። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የማነባቸው። ማንበብ ያልኩት የምሬን ነው፤ ሁለቱም ጋ የተፈረመ ወረቀት አለ።

የቻይናው አያቆየንም። ባልና ሚስቶቹ የፈረሙበት ቅጽ ሥራውን ያስተዋወቃቸው የኤድስ ክትባት ልማት ፕሮጀክት ብሎ ነው። ባሎቹ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ርዕስ ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። ውሸቱ ርዕሱ ላይ ስለሆነ ወደ ውስጥ መግባት እንኳ አያስፈልግም።

የእኛው ግን ደጋግሞ መነበብ ያለበት ነው። በ1997 የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት (ጂን ባንኩ እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ ያለው) እና የግብርና ምርምር ድርጅት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ። ውሉ ላይ ላዩን ጠንቃቃ ነው። ኩባንያው በጤፍ ዘረ መል ላይ የባለቤትነት መብት እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ባህላዊ ዕውቀቱንም አልሰጠንም ይላል። የፓተንት ማመልከቻው ግን የገባው ከፊርማው በፊት፣ በ1996 ነው። በ1999 ጸደቀ። ኩባንያው በ2001 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተላልፎ ኖረ። ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የገባው ወደ 4,000 ዩሮ ነው።

ፓተንቱ ምን ይላል? ብዙ ቁጥር አለበት፣ ግን ሲጨመቅ ጤፍ ከታጨደ በኋላ ትንሽ ሰንብቶ ቢፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር ይሻላል ነው። ጎተራ ላለው ሕዝብ! ዳኞቹም ፈጠራ የለበትም አሉ።

ጥፋቱ የኩባንያው ብቻ አይመስለኝም። ውሉ ራሱ ዘሩን አንድ ነገር፣ ዘሩን የሚያውቀውን ገበሬ ሌላ ነገር አድርጎ ነው የተጻፈው። በዓመቱ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998ም በዚያው ቀጠለ፤ የጄኔቲክ ሀብቱ የመንግሥትና የሕዝብ፣ ዕውቀቱ የማኅበረሰቡ። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ማኛ ጤፍ ምንድን ነው? ነጩን ከቀዩ፣ ቶሎ የሚደርሰውን ከሚዘገየው እየለየ ለዘር ያስቀረ የስንት ትውልድ ሰው ሥራ አይደል? ዕውቀቱ ያለው እዚያው ፍሬው ውስጥ ነው። ዘሩን ብቻ ነው የወሰድኩት ማለት መጽሐፉን ወሰድኩ እንጂ ጽሑፉን አልነካሁም እንደማለት ነው።

ክርክራችን እዚህ አይደርስም። ልውጥ ሕያው የሚለው ቃል ከተነሳ ግማሹ "ከተፈጥሮ ውጭ ነው" ይላል፣ ግማሹ "ሳይንስ ትፈራላችሁ" ይላል፣ በዚያው እንለያያለን። ከየካ ቀና ብላችሁ እንጦጦን እዩት። ኮረብታውን ያለበሰው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የመጣ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ መጤነቱን ይናገራል፤ ግን ስንት እናት እሱን በጀርባዋ ተሸክማ ወርዳ ልጆች አሳድጋለች። ጠቡም የሚነሳው ማን ይቁረጥ፣ ማን ይሽጥ በሚለው ላይ ነው እንጂ ከየት መጣ በሚለው አይደለም።

አሁን ደግሞ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከአሜሪካው ዳንፎርዝ ማዕከልና ከኮርቴቫ ኩባንያ ጋር በጂን ኤዲቲንግ ቁመቱ ያጠረ ጤፍ ለማውጣት ተነስቷል። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። የጤፍ አገዳ ቀጭን ነው፤ ፍሬ ይዞ ዝናብና ነፋስ ሲመታው ይጋሸባል፣ ምርቱም ይቀንሳል። እኔ አጭር ጤፍን አልቃወምም። ማየት የምፈልገው ውሉን ነው፣ በተለይ የፊርማውን ገጽ። በ1997ቱ ገጽ ላይ ሁለት መሥሪያ ቤትና አንድ ኩባንያ አሉ። የአድዓ ወይም የጎጃም ገበሬ የሚፈርምበት መስመር አልነበረም።