የጉና መሰናክል

በእብናት በረዶ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። የሚንሸራተቱበትን በረዶ ለኦሊምፒካችን ያስተዋወቀው ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ውድድር 83ኛ ወጣ። ፈረንጆች በጋ ሲገባ በረዶ የሚንሸራተቱባቸውን ተራሮች የመሰናክል ሩጫ ሜዳ ያደርጓቸዋል፦ ግድግዳ ያቆማሉ፣ ጭቃ ያቦካሉ፣ ከፍለውም ይንከባለሉበታል።

የጉና ተራራ ይህን ሁሉ በነጻ ይሰጣል። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚነሡትም ከእሱ ነው። በክረምት ስንወጣው መጀመሪያ ጭቃው አንድ እግር ኮንጎ ጫማ ዋጠብኝ። እጄን እስከ ክንዴ ሰድጄ አወጣሁት። ቀጥሎ ወንዝ፤ ሱሪ ተጠቅልሎ፣ ጫማ በእጅ፣ እግር የሚያንሸራትተውን ድንጋይ እየዳበሰ። እኔ የምወደው ግን ዱላውን ነው። የተሻገረው ዞር ይልና ጫፉን ይዘረጋል፦ «ያዝ፣ አይዞህ!» የተሳበውም ለሚከተለው ይዘረጋል። ማን ቀደመ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ላይ ስንደርስ ትንፋሽ አጠረን። ጅብራ ሥር ተቀምጠን ቆሏችንን ዘገንን፤ ግማሹ ርሷል፣ ጥርስ ግን አያስቸግርም።