ኳስ ከመድረሷ በፊት

ሰው አጥቂን የሚያየው ግብ ሲያገባ ነው። ሥራው ግን አብዛኛው ያለቀው ከዚያ በፊት ነው። መካኒሳ ውስጥ ታዳጊዎችን ሳሠለጥን ለማስረዳት በጣም የምቸገርበት ነገር ይኼ ነው። ልጆቹ ምት ይወዳሉ፤ ሜዳ እንደገቡ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ተሰልፈው በረኛው ላይ እየለቀቁ ቢያመሹ ደስታቸው ነው። እኔ ኳሷን ወስጄ ያለ ኳስ አስሮጣቸዋለሁ፤ ያኔ ፊታቸው ይጠቁራል።

አልፈርድባቸውም። ከመካኒሳ አቦም ይምጡ ከቆሬ፣ ያደጉት በጠባብ ሜዳ ነው። ክፍት የነበረው ቦታ ሁሉ ሕንፃ እየበቀለበት፣ ድንጋይ ለድንጋይ ግብ ሠርተው በሁለት ቤቶች መካከል ይጫወታሉ። እንዲህ ያለው ሜዳ እግር ያሠለጥናል፤ ሰው በተጠጋበት ኳስ በመቆጣጠር ከእነሱ የሚበልጥ የለም። ግን በሰፈር ኳስ ከጨዋታ ውጪ የሚባል ነገር የለም፤ ከተከላካይ ጀርባም ባዶ ቦታ የለም። ስለዚህ መቼ መሄድ እንዳለባቸው ሳይማሩ አሥራ አምስት ዓመት ይሞላቸዋል።

የምናደርገው ቀላል ይመስላል። አማካዩ ኳስ ሲቀበል አጥቂው ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ እሱ ይመጣል፤ ተከላካዩ ይከተለዋል። ተከላካዩ ዓይኑን ከአጥቂው አንሥቶ ወደ ኳሷ በዞረባት ቅጽበት አጥቂው አቅጣጫውን ቀይሮ በጀርባው በኩል ይወጣል። ያቺን ቅጽበት ካሳለፈ ተከላካዩ ትከሻውን ያስገባበታል፣ ከቀደማት ደግሞ ባንዲራ ይነሣበታል።

"ኮች፣ አልሰጠኝም እኮ!" ይለኛል አንዱ።

"እሱ ገና ኳሷን እያበረደ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ማን አየህ? ቀና ሲል ሂድ።"

አንድ አጥቂ በክለብ ሕይወቱ የሚደርስበትን ብዙ ነገር የሚወስነው ይኼ የሁለት ሰው መግባባት ነው ብዬ አምናለሁ። ግቡ የሚመዘገበው በአንድ ሰው ስም ነው፤ ኳሷ ግን ከሌላ ሰው እግር ነው የምትመጣው። አጥቂ ክለብ ሲቀይር የሚተወው ማሊያውን ብቻ አይደለም፤ ሩጫውን የሚያውቁለትን ሰዎችም ነው።

አቡበከር ናስርን እንውሰድ። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 በደደቢት ማሊያ ያስመዘገበውን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን የወሰደው ፋሲል ከነማ ነበር፤ ያም ሆኖ ያን ዓመት ሳስታውስ ፊቴ የሚመጣው አቡበከር ነው። የልጁ ችሎታ አያጠያይቅም። ነገር ግን ያ ቡና የአሠልጣኝ ካሳዬ አራጌ ቡና ነበር፤ ኳስ ከኋላ መሥርቶ፣ በአጭር ቅብብል ተከላካዮችን ከቦታቸው እየጎተተ የሚያወጣ ቡድን። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ አጥቂ ሩጫው በከንቱ አይቀርም። በ2014 መጨረሻ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲያመራ ግን፣ በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ ሊግ 23 ግብ ያስቆጠረው ናሚቢያዊው ፒተር ሻሉሊሌ በቦታው ነበር። ትልቅ ክለብ ማለት ይኼ ነው፤ ከአዲስ አማካዮች ጋር ለመላመድ ጊዜ የሚያስፈልግህ ልክ ጊዜ በማይሰጥህ ቦታ ላይ ነው።

አጥቂውን ሳላዲን ሰኢድን ለልጆቼ ደጋግሜ የምጠቅሰው ለዚህ ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ካይሮ ግዙፍ ክለብ አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ2011 የፈረመው ለዋዲ ደግላ ነበር፤ ወጣት ክለብ ነው፣ የአል አህሊና የዛማሌክ ዓይነት ጫና የለበትም። በውሰት የባለቤቱ ሌላ ክለብ በነበረው በቤልጂየሙ ሊርስም ተጫወተ። አል አህሊ ያስፈረመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ያኔ የግብፅን ሊግ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በኋላ የአልጀርሱን ሙሉዲያ አይቶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመለሰ።

መሐል ላይ ደግሞ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. አለ። ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ተጋጣሚ የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ። ሳላዲን የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ኬኔዲ ምዌኔ አዳነበት። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በዐሥር ሰው፣ አዳነ ግርማ ባስቆጠረው ግብ 1 ለ 1 ተለያየን። ያን ምት የሳተ አጥቂ ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ አል አህሊ ገባ። ክለቦች የሚገዙት የአንድ ቀን ምት አይደለም፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ተከላካይን የሚያስጨንቅ እንቅስቃሴ ነው።

ሰፈር ውስጥ ከውጭ የተመለሰን ተጫዋች "አልሆነለትም" ማለት ልማድ ሆኗል። እኔ ይኼን አልቀበልም። ጌታነህ በ2005 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄደ፤ ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፕሪቶሪያም ተጫወተ። ያን 25 ግብ ያስቆጠረው ከዚያ ሁሉ በኋላ ደደቢት ተመልሶ ነው። በኔ ግምት፣ ከኃይለኛ ተከላካዮች ጋር ሲታገል የከረመ አጥቂ አገሩ ሲመለስ ቦታው ሁሉ ይሰፋለታል።

ለወላጆችና የልጆቻችንን ጉዳይ ለያዙ ወኪሎች የምለው አለኝ። ክለብ ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ የምታነሡት የፊርማውን ገንዘብ ነው፤ ኑሮው ስለሚታወቅ አልወቅሳችሁም። ግን ፊርማው ከመኖሩ በፊት ሄዳችሁ የክለቡን ጨዋታ እዩ። በልጁ ቦታ ማን እንደሚሰለፍ፣ አማካዮቹ ወደ ፊት ያቀብሉ እንደሆነ፣ አሠልጣኙ ታዳጊ ቀይሮ የሚያስገባው በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ አጣሩ። መልሱ ካላረካችሁ ልጁን አንድ ዓመት አቆዩት፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጊዜ አለው።