ሕፃናትን ከወሲብ ጥቃት ለመጠበቅ የወጣው የሥጋት መመዘኛ፤ ከጊኒር ሲታይ
(ሂሳዊ ግምገማ)

መግቢያ

በሕፃን ላይ የወሲብ በደል የፈጸመ ሰው ድርጊቱን ዳግም ይፈጽም ይሆን? ጥያቄው በመጀመሪያ የዳኛና የማረሚያ ቤት ቢመስልም፣ መልሱ የሚያስፈልገው ከሁሉ ይበልጥ ሕፃናት ለሚውሉበት ቦታ፣ ማለትም ለትምህርት ቤት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጉዳዩ ላይ በውጭ አገር የተደረጉትን ዋና ዋና ጥናቶች መርምሮ፣ ለምሥራቅ ባሌዋ ጊኒርና ለአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት ነው። ጸሐፊው የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ እንጂ የሥነ ልቡና ሐኪም ስላልሆነ፣ ሂሱ የሚያተኩረው በመመዘኛው አሠራር ሳይሆን በአገልግሎቱ ላይ ነው።

የመመዘኛው አመጣጥ

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፖል ሚል በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰውን የወደፊት ጠባይ በመተንበይ ረገድ የባለሙያ ግምት በስሌት ከሚገኘው ውጤት እንደማይበልጥ አመልክቶ ነበር። ይህን አሳብ ወደ ወሲብ ወንጀለኞች ካመጡት መካከል ካናዳውያኑ ሃንሰንና ቡሲየር ይገኙበታል። በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት 61 የክትትል ጥናቶችን አጠቃሎ ከ23 ሺህ በላይ ወንጀለኞችን የሚመለከት ሲሆን፣ ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በወሲብ ወንጀል ዳግም የተገኙት በአማካይ 13.4 ከመቶ ነበሩ። ያልተደረሰበት ወንጀል ብዙ በመሆኑ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ እንደሚበልጥ አጥኚዎቹ ራሳቸው አስገንዝበዋል።

በዓመቱ ሃንሰን ከእንግሊዛዊው ቶርንተን ጋር «ስታቲክ 99» የተባለውን ባለ 10 ጥያቄ መመዘኛ አዘጋጀ። ጥያቄዎቹ የወንጀለኛውን ዕድሜ፣ ቀድሞ የተከሰሰበትንና የተፈረደበትን ወንጀል፣ ተበዳዩ ዘመድ ወይም ባዕድ፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የመሳሰሉ ናቸው። ዳግም ያጠፋ አንድ ሰውና ያላጠፋ አንድ ሰው በዕጣ ቢወጡ፣ መመዘኛው ላጠፋው ከፍ ያለ ነጥብ የሚሰጠው ከ100 ጊዜ 71 ያህሉን ነው። ሳንቲም በመወርወር ቢሆን 50 ይሆን ነበር። ከግምት የተሻለ፣ ከእርግጠኝነት ግን የራቀ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ጥናቱ ያናጋው እምነት

በጸሐፊው አስተያየት የእነ ሃንሰን ሥራ ታላቅ ጥቅም በመመዘኛው ሳይሆን በጎን በተገኘ አንድ ውጤት ላይ ነው። ወንጀለኛው ጥፋቱን መካዱ ወይም ማመኑ፣ ለተበዳይ ማዘኑ ወይም አለማዘኑ፣ ዳግም ከማጥፋቱ ጋር የጎላ ዝምድና አልታየበትም። በ2005 እ.ኤ.አ. በ82 ጥናቶች ላይ የተደረገው ሁለተኛው ማጠቃለያም ይህን ውጤት አላፈረሰውም።

ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በባሌ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ በሽምግልና ወይም በጃርሱማ የሚታይ ጉዳይ የሚቋጨው በጸጸት ነው። አጥፊው ያምናል፤ ያለቅሳል፤ ካሣ ይከፍላል፤ ይምላል። ሽማግሌዎችም እርቅ ያወርዳሉ። በከብትና በድንበር ጠብ ይህ ሥርዓት ደም እንዳይፈስ ያደረገ፣ ሊከበር የሚገባው ሀብት ነው። ሆኖም እርቁ በሁለት ቤተሰቦች መካከል ያለውን ቂም ያበርድ እንደሆነ እንጂ ለሚቀጥለው ሕፃን ዋስ አይሆንም። ዕንባ የትንቢት ምልክት አለመሆኑን ጥናቱ በቁጥር አሳይቷል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ጸሐፊ ለማስተማር ልምምድ ክትትል በሄደበት፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ትምህርት ቤት፣ በሰባተኛ ክፍል ተማሪ ላይ ደፈራ ሞክሯል የተባለ መምህር ጉዳይ በሽማግሌዎች ሲታይ ተገኝቶ ነበር። መምህሩ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። የልጅቷ አባትም ይቅር አሉ። መምህሩ ዝውውር ሲጠይቅ «ጸባዩ መልካም» የሚል የሥራ ልምድ ደብዳቤ ተጽፎለት ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ። ልጅቷ ግን በዚያው ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች። በዚያ ስብሰባ ዝም ብለው ከተቀመጡት አንዱ ይህ ጸሐፊ ነበር።

መመዘኛው የማያየው

አሁን ይህን መምህር በ«ስታቲክ 99» እንመዝነው። መመዘኛው የተሠራው ለተፈረደበት ወይም ለተከሰሰ ሰው ነውና፣ በመጀመሪያ ነገር ሊመዝነው አይችልም። በሌላ ጊዜ ተከሶ ቢቀርብ እንኳ «ቀድሞ የተከሰሰበት የወሲብ ወንጀል» ለሚለው ጥያቄ የሚያገኘው ነጥብ ዜሮ ነው። ሦስት ጊዜ በእርቅ የታለፈ ሰው ምንም እንዳልበደለ ሰው ይቆጠራል። መዝገብ በተሟላበት አገር የተሠራ ሚዛን መዝገብ በሌለበት ሲተከል አደገኛውን ሰው ቀላል አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ መመዘኛውን ተርጉሞ በሥራ ላይ ማዋል ብቻ መፍትሔ ነው የሚል ካለ፣ ከመጀመሪያው ተሳስቷል።

ሁለተኛው ጉድለት መመዘኛው ሰውየውን እንጂ ቦታውን አለመመርመሩ ነው። ዎርትሊና ስሞልቦን በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የጥናት ስብስብ ትኩረቱን ከበዳዩ ጠባይ ወደ በደሉ ቦታና አጋጣሚ አዙረዋል። በአገራችንም ትምህርት ሚኒስቴር፣ የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴርና የዴንማርክ ሕፃናት አድን ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በልጃገረዶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ያወጡት ጥናት፣ ጉዳዩን በትምህርት ቤት፣ በመንገድና በቤት ከፋፍሎ ተመልክቷል። ለጊኒር የሚቀርበው ይህኛው አካሄድ ነው። ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ስንቅ እየተላከላቸው በከተማ በኪራይ ክፍል ብቻቸውን የሚያድሩ ልጆች አሉ። የክፍሉን ደብተር ሰብስባ እስከ መምህሩ ቤት የምትሸከም ተማሪም አለች። እነዚህን የሚቆጥር ጥያቄ በአሥሩ ውስጥ የለም።

የወሎው ጃሪ የሕፃናት መንደር ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በዚያ ወላጅ ባጡ ወንዶች ልጆች ላይ በተፈጸመ በደል በ2003 እ.ኤ.አ. የ9 ዓመት እሥራት የተፈረደበት ሰው ከውጭ ሰብሮ የገባ ሳይሆን፣ መንደሩን እንዲመራ የተሾመ እንግሊዛዊ ኀላፊ ነበር። ልጆቹ ከእሱ በላይ አቤት የሚሉበት ሰው አልነበራቸውም።

ምን ይደረግ?

ሕጉ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 627 ዕድሜው 13 ዓመት ባልሞላው ሕፃን ላይ የሚፈጸመውን ድፍረት ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። በአንቀጽ 626 ደግሞ ተበዳይዋ የአጥፊው ተማሪ ስትሆን ቅጣቱን ያከብዳል። የወላጅ ይቅርታ ይህን ክስ አይዘጋም። የጎደለው በሕጉና በትምህርት ቤቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ይታሰብባቸው፦

ሀ/ ማናቸውም አቤቱታ፣ እርቅ ወረደም አልወረደም፣ ለፖሊስ ይቅረብ፤ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም በምሥጢር ይመዝገብ።

ለ/ የመምህር ዝውውር ደብዳቤ ያልተቋጨ አቤቱታ መኖር አለመኖሩን ይግለጽ። ተከሳሽም በሐሜት እንዳይጎዳ መልስ የመስጠት መብቱ ይጠበቅለት።

ሐ/ ተማሪን ለደብተርም ሆነ ለመልእክት ወደ መምህር መኖሪያ ቤት መላክ ይከልከል።

መ/ ዕጩ መምህራን ይህን ርእስ በሥነ ምግባር ትምህርት ውስጥ በግልጽ ይማሩት።

ማጠቃለያ

እነ ሃንሰን የሠሩት ሚዛን ለተሠራበት ዓላማ የሚያስመሰግን ነው። የእኛ ድርሻ ግን ሚዛኑን ከመዋሳችን በፊት የሚመዘነውን መዝገብ መያዝ ነው። ጥናቱ ለሽማግሌዎቻችንም ሆነ ለርእሳነ መምህራን የሚያስተላልፈው ምክር በአጭሩ ይህ ነው፦ የሰውየውን ዕንባ አትመዝኑ፤ ያደረገውን ጻፉ። ያን ደብዳቤ ይዞ ሌላ ወረዳ የደረሰው መምህር በዚያም ክፍል ተሰጥቶታል። በክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ከደብዳቤው ምን እንደ ጎደለ አያውቁም።