ማስጠንቀቂያው የዘለለው ጥያቄ

በዋይት ሴንተር የሚኖሩ አንዲት የታክሲ ደንበኛዬ፣ ልጃቸው ለአባቱ ሙት ዓመት በኮምፒውተር ሲያድሰው የነበረው አሮጌ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ተቆራርጦና ጥቁር ሰንበር ወጥቶበት ቢያዩ «ዳግመኛ ሞተብኝ» ብለው አለቀሱ። ልጁም አዲስ ኮምፒውተር ሊገዛ ተነሣ።

ነገሩ የቀድሞ መምህርነቴን ቀስቅሶት፣ ፎቶሾፕ ለእንዲህ ያለ ችግር የሚያወጣውን የታወቀ ማስጠንቀቂያ እንደ ተማሪ ድርሰት አረምኩት። ፕሮግራሙ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግራፊክስ ካርድ ጉልበት ይጠቀማል። ማስጠንቀቂያው ችግሩ የካርዱ ድራይቨር መሆኑን፣ አዲሱም ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ እንደሚገኝ ይናገራል። ይህ መልካም ነው። ድራይቨር ምን እንደሆነ ግን አያስረዳም። ካርዱን መኪና ብንለው ድራይቨሩ ሾፌሩ ነው፤ ሾፌር ቢሳሳት መኪና አይጣልም። ከሁሉ በላይ፣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀውን «ፎቶዬስ?» የሚለውን ዘለለው።

መልሱን እኔ ልሙላው። ካርዱ ምስሉን ስክሪን ላይ ይስላል እንጂ ፎቶው የሚቀመጠው ዲስክ ላይ ነው። ስለዚህ ሴቭ ሳያደርጉ ይዝጉ። ፕሪፈረንስስ ውስጥ ፐርፎርማንስ ከሚለው ሥር የግራፊክስ ፕሮሰሰሩን ምልክት ያጥፉ፤ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሥተው ፎቶውን ይክፈቱ። ከተስተካከለ ጥፋቱ የድራይቨሩ ወይም የካርዱ ነው፤ አስቀድመው ድራይቨሩን ይቀይሩ፤ እሱ በነጻ ይገኛል። ሁልጊዜም በቅጂ ላይ ይሥሩ።

የሟቹ ፊት ደህና ሆኖ ወጣ፤ ኮምፒውተርም አልተገዛም። ለድርሰቱ ከአሥር ስድስት ሰጠሁት። አራቱን ያጎደልኩበት፣ የደነገጠ ሰው እንደሚያነበው ስለረሳ ነው።