ያልተጨበጠ እጅ

አባት ለልጁ ገንዘብ ይሰጣል። ልጁ ገንዘቡን ይቀበልና ለስንብት እጁን ይዘረጋል። አባትየው አይጨብጠውም። በቃ፣ ይኸው ነው። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈጀው። በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ዙሪያ ከተሠሩ የሙዚቃ ቪዲዮዎች ስንቱን አይቼ ስንቱን ረስቻለሁ፤ ይቺ እጅ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

ቪዲዮው የብሮንስኪ ቢት «ስሞልታውን ቦይ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ሲሆን ያዘጋጀው በርናርድ ሮዝ ነው። አንድ ወጣት ባቡር ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የኋላውን ያስታውሳል። መዋኛ ገንዳ አለ። አንድ ዋናተኛ አለ። ጓደኞቹ «ሂድ አናግረው» እያሉ የሚገፋፉት ይመስላል። ይሄዳል፣ ያናግረዋል። በኋላ ዋናተኛው ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ ይደበድበዋል። ፖሊስ ወደ ቤት ያመጣዋል፤ ወላጆቹም ነገሩን ያውቃሉ። ከዚያ ሻንጣ፣ ገንዘብ፣ ያቺ እጅ፣ ባቡር።

ዘፋኙ ጂሚ ሶመርቪልም ሆነ ሁለቱ የባንዱ ጓደኞቹ ማንነታቸውን የማይደብቁ ሰዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር በወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ወንጀል መሆኑ ከቀረ (ያውም በከፊል) 17 ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን ሕጉ ለወንድና ሴት 16 ዓመት ይበቃል ሲል፣ ለሁለት ወንዶች 21 ይላል። ባንዱ የመጀመሪያ አልበሙን «ዘ ኤጅ ኦፍ ኮንሰንት» ብሎ የሰየመው ለዚህ ነው፤ በአልበሙ የውስጥ ሽፋን ላይም የተለያዩ አገሮች ሕግ የሚፈቅደውን ዕድሜ ዘርዝሮ አትሟል። ክርክሩን ግን ቪዲዮው ውስጥ አላስገቡትም። ቪዲዮው ውስጥ ያለው አንድ ቤት፣ አንድ አባት፣ አንድ እጅ ነው። ደግሞ አባትየው ጭራቅ አይደለም። ገንዘብ ሰጥቷል እኮ! የጉዞውን አስቧል። ልጁን መንካት ብቻ ነው ያቃተው። ጭካኔን በዚህ መጠን ቀንሶ ማሳየት ከባድ ነው። ተመልካቹ «እኔ እንደዚያ ሰውዬ አይደለሁም» ብሎ በቀላሉ የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለውማ።

ወደ ሌሎቹ ከመሄዴ በፊት ስለምጽፍበት ቋንቋ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ለነዚህ ሰዎች ያለን የተለመደ ስም «ግብረ ሰዶም» ከሚለው የወጣ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን የሚቀጣው በዚሁ ስም ነው። ቃሉ ራሱ ከተማይቱን፣ እሳቱን፣ ዲኑን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሰውየውን ሳታውቁት ፍርዱ አልቋል። «ተመሳሳይ ጾታ» የሚለው ደግሞ ከቅጽ መሙያ ላይ የተቀዳ ይመስላል። አንደኛው ይረግማል፣ ሌላኛው ይመዘግባል። ስለ ፍቅር ለመጻፍ ሁለቱም አይመቹም። እኔ ሁለተኛውን የምጠቀመው ከርግማን መዝገብ ይሻላል ብዬ ነው እንጂ ወድጄው አይደለም። ምስል የሚጠቅመውም እዚህ ጋ ይመስለኛል። ባቡር ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ስም አያስፈልገውም። ፊቱን ታዩታላችሁ፣ አለቀ።

የአየርላንዳዊው ሆዚየር «ቴክ ሚ ቱ ቸርች» በ2013 ሲወጣ ብዙዎቻችን ደንግጠን ነው ያየነው። ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለት ወንዶች ይዋደዳሉ። አንደኛው በሰንሰለት የታሰረ ሳጥን አለው፤ ይቀብረዋል። ከዚያ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ይመጣሉ፣ በሩን ይሰብራሉ፣ ሰውየውን ጎትተው ያወጣሉ፣ ሳጥኑ እሳት ውስጥ ይጣላል። በዚያው ዓመት ሩስያ «ባህላዊ ያልሆነ ግንኙነትን» ለአካለ መጠን ላልደረሱ ማስተዋወቅን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበርና ቪዲዮው ለዚያ የተሰጠ ምላሽ ነው።

ያኔ ለጓደኞቼ ሁሉ ልኬዋለሁ። አሁን ደግሜ ሳየው ግን ሁለት ነገር ይከነክነኛል። አንደኛው፣ ፍቅራቸው የድብደባው መግቢያ ሆኖ ነው የቀረበው። ሁለቱ ሰዎች ምን እንደሚያስቃቸው፣ በምን እንደሚጣሉ፣ ቡና ማን እንደሚያፈላ አናውቅም። የምናውቀው እንደሚጎዱ ነው። ካሜራው እሳቱ ጋ ሲደርስ ይዋባል፤ ጥላው፣ ጭሱ፣ ጭንብሉ። ሰው ሲደበደብ ያን ያህል ማማር የለበትም ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛው፣ ዘፈኑ የሚከስሰው ቤተ ክርስቲያንን ነው፤ ቪዲዮው ግን ተጠያቂውን ፊቱን ለሸፈነ ወሮበላ አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ዓይኑንም ወደ ሩስያ ይልካል። አየርላንድ ራሷ ይህን ወንጀል ከሕጓ ያወጣችው በ1993 ነው፤ ቪዲዮው ሲሠራ ገና 20 ዓመቱ። ክፋትን ጭንብል ማልበስ ይቀላል። የሶመርቪል አባት ግን ጭንብል የለውም። ለዚህ ነው የ1984ቱ ከ2013ቱ የበለጠ የሚያስፈራኝ።

አንድ ነገር ግን ላመስግን፤ ሳጥኑን። ምን እንዳለበት አይነግሩንም። ደብዳቤ ይሁን፣ ፎቶ ይሁን፣ ምንም ይሁን። የሚደበቅ ነገር ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ይከትበታል።

አሁን ወደ ጎረቤት። በ2016 አርት አታክ የሚባል የኬንያ ቡድን «ሴም ላቭ» የተሰኘውን የማክልሞርና የራያን ልዊስ ዘፈን ወስዶ በአፍሪካ ጉዳይ ላይ አዲስ ግጥምና አዲስ ቪዲዮ ሠራበት። የኬንያ የፊልም ምደባ ቦርድ ቪዲዮውን አገደው፤ ጉግልንም ከዩቲዩብ ላይ እንዲያወርደው ጠየቀ። ጉግል አላወረደውም፣ ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት። የኬንያ የወንጀል ሕግ ለዚህ ድርጊት እስከ 14 ዓመት እስር የሚያስፈርድ አንቀጽ አለው፤ በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጸንቶ እንዲቆይ ወስኗል።

እንደ ሥራ ብቻ ካየነው፣ የኬንያው ቪዲዮ ስብከት ይበዛዋል። ሊያስረዳን ይቸኩላል፤ ጉዳዩን ሁሉ አንድ ቪዲዮ ውስጥ ለመጨረስ ይሞክራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ አቁሜ ደካማ ነው እል ነበር። ግን ልጠይቅ፦ ሌላ ዕድል አገኛለሁ ብሎ የማያምን ሰው እንዴት ነው ቀስ ብሎ የሚናገረው? ሶመርቪል በአንዲት እጅ ብዙ ማለት የቻለው ነገ ሌላ ዘፈን እንደሚያወጣ ስለሚያውቅ ጭምር ነው። ቁጥብነትም ቅንጦት ነው። ናይሮቢ ላይ ፊቱን ለካሜራ የሰጠ ተዋናይ የከፈለውና ሎስ አንጀለስ ላይ የሰጠው የከፈለው ዋጋ አንድ አይደለም። ይሄ ግን ደካማውን ሥራ ጠንካራ አያደርገውም። ሁለቱንም አንድ ላይ መናገር አለብን፤ ሥራው ይቸኩላል፣ ለመቸኮልም ምክንያት አለው። አንዱን ብቻ የሚናገር ተቺ ወይ ልብ የለውም ወይ ዓይን የለውም።

ከዚያ መጣ ሊል ናስ ኤክስ። «ኦልድ ታውን ሮድ» ለ19 ሳምንታት የቢልቦርድን አንደኛ ደረጃ ይዞ ሳለ፣ በ2019 ሰኔ ወር መጨረሻ ላይ ስለ ራሱ ተናገረ። በ2021 ደግሞ ከታኑ ሙይኖ ጋር ሆኖ ያዘጋጀውን «ሞንቴሮ» አወጣ። ገነት የመሰለ አትክልት ስፍራ አለ፤ እባብ አለ። በሰንሰለት ታስሮ ሸንጎ ፊት ይቆማል፣ ይገደላል፣ ወደ ሰማይ ማረግ ይጀምራል። መሀል ላይ አንድ ዘንግ ይመጣል። ያዘውና እየተሽከረከረ ወደ ሲኦል ወረደ! እዚያም ለሰይጣን ይደንሳል፣ አንገቱን ይሰብራል፣ ቀንዱን ወስዶ ራሱ ላይ ያደርጋል። ጫጫታው አይነሳ። በዚያው ሰሞን በስሙ የተሠሩት 666 ጥንድ ጫማዎች ደግሞ ናይኪን ፍርድ ቤት አስኬዱ። ቪዲዮው በመስከረም የኤምቲቪን የዓመቱ ምርጥ ቪዲዮ ሽልማት ወሰደ።

በጫጫታው ውስጥ የጠፋ አንድ ነገር አለ። ከእባቡ እስከ ሰይጣኑ ያሉትን ገጸ ባሕርያት የሚጫወታቸው እሱ ራሱ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ደጉ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ሕፃን ልጅ እንኳን ማን ማን እንደሆነ ይለያል። «ሞንቴሮ» ላይ ይህ መለያ አይሠራም። ከሳሹም ተከሳሹም አንድ ፊት አላቸው። «ሲኦል ትገባለህ» ተብሎ ያደገ ልጅ ኋላ ላይ ራሱን የሚከስሰው በራሱ ድምፅ መሆኑን ይሄ ከማንኛውም ንግግር በላይ ያሳየኛል። ዝላዩንም የምረዳው በዚህ ነው፦ ሁሌ የሚያስፈራሩህ ቦታ ካለ፣ አንድ ቀን ሄደህ ታየዋለህ።

ጉድለቱም ግን ከዚሁ ይወጣል። ሁሉም እሱ ከሆነ፣ የሚወደው ሰው የት አለ? ዘፈኑ የናፍቆት ዘፈን ነው፤ አንድ የሚፈለግ ሰው አለ። በአትክልቱ ስፍራ ያለው ዛፍ ላይ የተጻፈው የግሪክ ጽሑፍም ከፕላቶ «ሲምፖዚየም» የተወሰደ ነው፦ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹን ይፈልጋል የሚለው። ቪዲዮው ውስጥ ግን ሌላው ግማሽ አይመጣም። ማንነት ሞልቶ ፈስሷል፣ ፍቅር የለም። ብዙ ጊዜ ሁለቱን አንድ አድርገን እናወራለን እንጂ አንድ አይደሉም። «እኔ ይሄ ነኝ» ለማለት መስታወት ይበቃል። «እወድሃለሁ» ለማለት ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው በመጨረሻ ወደ ጃኔል ሞኔ የምሄደው። ሞኔ ከ2022 ጀምሮ ወንድም ሴትም ከሚለው ክፍፍል ውጭ መሆናቸውን ተናግረዋል። የአማርኛ ግስ «እሱ ነው እሷ?» ሳይል አያልፍም፤ አክብሮት ሲገባ ግን ጥያቄውን ይተወዋል። «መጡ፣ ዘፈኑ፣ ደነሱ።» ቋንቋችን ሳያስበው ያዘጋጀው በር ነው፤ ልግባበት። በ2018 «ፒንክ» በሚለው ዘፈን፣ ኤማ ቬስተንበርግ ባዘጋጀችው ቪዲዮ፣ ሞኔ ከሴቶች ቡድን ጋር በረሃ መሀል ይደንሳሉ። ተዋናይዋ ቴሳ ቶምሰን ከጎናቸው አለች። ሮዝ መኪና፣ ሮዝ ሰማይ፣ እንደ አበባ ቅጠል የተደራረበ ሮዝ ሱሪ። ሱሪውን ሁሉም አልለበሱትም፤ ሴት ለመሆን አንድ ዓይነት አካል ግድ አይደለም ለማለት ነው። ተንኮሉ ግልጽ ነው፣ ቀልዱም።

ማንም አይደበደብም። ማንም በር አይሰብርም። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ ይተያያሉ። መጀመሪያ ሳየው «እና ምን ተፈጠረ?» ብዬ ነበር። አሳፋሪው ነገር ይሄ ነው፤ እነዚህን ሰዎች ሲጎዱ ማየት ስለለመድኩ፣ ደህና ሆነው ሳያቸው ታሪኩ ያልጀመረ መስሎኝ ጠበቅኩ። ቪዲዮው ሱሪውንና መኪናውን አሳየ፤ እኔን ግን ያሳየኝ የራሴን ዓይን ነው።

እንደዚያም ሆኖ የምመለሰው ወደ ባቡሩ ነው። «ፒንክ» ላይ ያለው በረሃ ማንም የማይኖርበት ቦታ ነው፤ አባት የለም፣ እናት የለችም፣ ጎረቤት የለም። ብዙዎቻችን ግን የምንኖረው ቤተሰብ ያለበት ቤት ውስጥ ነው። የ1984ቱ ቪዲዮ ሲያልቅ ልጁ ባቡሩ ላይ ጓደኞቹን አግኝቶ ይሄዳል፤ ደስ ይላል። አባትየው ግን ቤት ቀርቷል። ካሜራው ስለማይመለስ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ አናውቅም። ስንት ቪዲዮ አየሁ፤ ወደዚያ ቤት ተመልሶ፣ ሰውየውን አስቀምጦ፣ እጁን እያየ የቆየ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ያንን የሚሠራ ሰው ካለ፣ የመጀመሪያ ተመልካቹ እኔ ነኝ።